ሰከንደሪዬና ስም ያልጻፍኩባት ወረቀት

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አራት ከአሥር፣ በእናቴ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከአሥር። (እናቴ ሚኒሶታ ከገባች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰዓቷ ግን እስከ ዛሬ ቪዛ አልደረሰውም።)

ትናንት የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ግማሾቻችሁ ሰምታችኋል። አውቃለሁ! ዛሬ ጠዋት ብቻ አራት ሰው «አብሽሪ» ብሎ ጽፎልኛል።

ታውቁኛላችሁ፣ እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሬስቶራንት ውስጥ ያላዘዝኩት ምግብ ቢመጣ አመስግኜ የምበላ ሰው ነኝ።

እና ትናንት የኔን ቤተሰብ መስጂድ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሜዲካል ስኩል ስታመለክቱ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ማመልከቻ ለሁሉም ትልካላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ጥያቄዎች መልሶ ይልክላችኋል። ይሄ ሰከንደሪ ይባላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለስሽ ፍላጎት የላትም ይሉሻል፣ ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን እንፈራዋለን።

የሌሎቹ መጥቶልኛል። የአንዷ ትምህርት ቤት ግን ጭጭ። አንዷ ማለት ከቤታችን በአውቶብስ የሚደረስባት፣ እናትና አባቴን ሳልለቅ ልማርባት የምችለው ብቸኛዋ።

ክረምቱን ሙሉ ኢሜይሌን ሪፍሬሽ። ሥራ ቦታ ሪፍሬሽ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ሪፍሬሽ።

ሐሙስ መጣ!

ጮህኩ። እናቴ ከኩሽና «ምን ነካሽ?» አለች። «ጥያቄ ላኩልኝ!» አልኳት። «ጥያቄ ተልኮ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብላ ተመለሰች። ልክ ናት።

ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ቤተሰብሽን ስለገጠመ አንድ ከባድ ጊዜና ስላንቺ ድርሻ ጻፊ። ዝርዝር ነገሮችን ጥቀሺ።

ዝርዝር ጥቀሺ። ከኔ በፊት ያመለከተ ሰው ሁሉ የሚመክረኝም ይህንኑ ነው። «አባቴ ታመመ» አትበይ፤ የትኛው ወር፣ ምን ለብሶ፣ በየትኛው በር እንደገባ ንገሪያቸው!

እሺ። ነገርኳቸው።

አባቴ ፍሪድሊ ከተማ የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ለሰው ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሲያሽግ ይውላል። የዛሬ አምስት ዓመት በየካቲት ብርድ፣ እኔ ሃይስኩል ልጨርስ ስል፣ የቱቦው ተራ ለራሱ ልብ ደረሰ።

ለማንም እንዳትናገሩ አለ። ሰው ሲያዝንለት አይወድም። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እናምጣልህ ሲለው እንኳ «የሚመጣው የኛ ሰፈር ሰው ቢሆንስ?» ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ።

ለሰዉስ ምን ተባለ? «ለመሬት ጉዳይ ሀገር ቤት ሄዷል።»

ችግሩ፣ ሀገራችን ደሴ ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለ? እናቴ ሁለት ቀን አሰበች። ከዚያ እዚሁ ፍሮግታውን ሰፈር ካለ ሱቅ በርበሬ ገዛች። ከፕላስቲኩ አወጣችው። በነጭ ጨርቅ እየቋጠረች «ከደሴ የመጣ ነው» ብላ ለጎረቤት አደለች።

አዎ። እናቴ። ውሸት ስትሰማ አስተግፊሩላህ የምትለዋ እናቴ!

ይህን ሁሉ ድርሰቱ (ኤሴዩ) ውስጥ ጻፍኩት። ሌላም አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ሐኪሙ ከተናገረው ውስጥ ለአባቴ ሳላስተረጉም የቀረሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር። እሱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት መልሼ ሳነበው ግን ላፕቶፔን ከደንኩት። ይሄ የኔ ታሪክ ነው ወይስ የአባቴ? ሰውየው ከገዛ ወንድሙ የደበቀውን ነገር ለማላውቃቸው ፕሮፌሰሮች ልልክ ነው? ደግሞ ልተወው ብል ሌላ የቤተሰብ መከራ የለኝም! አልሀምዱሊላህ፣ የለኝም!

አባትሽን ጠይቂዋ፣ ትሉኛላችሁ።

ከአባቴ ጋር የምናወራቸው ርዕሶች ሦስት ናቸው። የመኪና ዘይት። የነገ አየር። «በልተሻል?»

ስለዚህ ብልህ ነገር አሰብኩ። (እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።)

መስጂዳችን እሑድ እሑድ ለቤተሰብ የሚሰጥ ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ አለ። በር ላይ የጥያቄ ሣጥን ተቀምጧል። ሰው ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን በወረቀት ይከታል፤ ኡስታዛችን ከደርሱ በኋላ እያነበቡ ይመልሳሉ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ሣጥን ነው።

ተጠነቀቅኩ። በግራ እጄ ጻፍኩ። የኔ ዕድሜ ልጆች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትልቅ ሴት እንድመስል በአማርኛ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ ሽንት ቤት ተደብቄ ቆይቼ ከተትኩ።

ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። «የአባቴን ምስጢር ለትምህርት ቤት ብጽፍ ይፈቀዳል?» አለቀ!

ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ዝርዝር ሳስብ የከረምኩ ሰው ነኝ። ወረቀቷ በሁለት በኩል ሞላች። መግቢያ ነበራት። መደምደሚያ ነበራት። የየካቲት ብርድ ነበራት!

ደርሱ አለቀ። ኡስታዙ ወረቀቷን አወጡ፣ ገለበጧት፣ «ማሻአላህ፣ ረዘም ትላለች» አሉ። ወንዶቹ ከፊት ናቸው፣ እኛ ከመጋረጃው ኋላ። ድምፅ ማጉያው ግን ለሁላችንም ነው።

«አንድ አባት በየካቲት ወር ልቡን ታመመ» ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ለሰው ግን አልተነገረም።»

አጠገቤ ያለችው እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ሚስኪን!» አለችኝ በሹክሹክታ። «የሰው ቤት ስንት ነገር አለ!»

«ሀገር ቤት ሄዷል ተባለ።»

«እኛም እኮ ያኔ...» ብላ ጀመረች እናቴ። አልጨረሰችውም።

«እናትየውም ከሱቅ በርበሬ ገዝታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ ከደሴ የመጣ ነው ብላ ለጎረቤት አደለች።»

ደሴ ብዬ ጽፌያለሁ! ቢያንስ «ከአንድ ከተማ» ማለት አይቻልም ነበር?

ከፊታችን የተቀመጡት እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው ዞሩ። እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ «የደሴ በርበሬ ሌላ ነው» እያሉ ያስተማሩን። እኔን አላዩኝም። እናቴን ነው ያዩት። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው ዞረች። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ የሴቶቹ ክፍል በሙሉ።

ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን አውቀዋለሁ። አብሮኝ ያደገ ሳል ነው።

ኡስታዙ ከመጡ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ምንም አያውቁም። ረጋ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ልጅቷም ሐኪሙ ካለው አንዱን ለአባቷ ሳታስተረጉም ቀርታለች። አሁን ይህን ሁሉ ጽፋ ለትምህርት ቤት ብትልክ ይፈቀድላታል?»

መልሳቸው አጭር ነበር። «የሰው ምስጢር አማና ነው፣ አደራ ነው። አባትየው በሕይወት ካለ ሄዳ ትጠይቀው። የደበቀችውንም ትንገረው።»

በቃ! ለዚች መልስ ነው በግራ እጄ የጻፍኩት!

ከዚያ ደግሞ «ለዚህ ለታመመው ወንድማችን ዱዓ እናድርግ» አሉ። አደረግን። አዳራሹ በሙሉ «አሚን» አለ። አባቴም አለ። ድምፁን ለይቼ ሰማሁት።

መኪና ውስጥ እናቴ እስከ ቤት መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «የኋላው ጎማ አየር ጎድሎታል።»

ቤት እንደደረስን ልብሱን ቀይሮ ሣር ሊያጭድ ወጣ። ግማሹን ሳያደርስ የመጀመሪያው መኪና መጣ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ በራችን ላይ ጫማ መቁጠር አቆምኩ።

የታመመ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ከአምስት ዓመት በኋላ!

ብርቱካን ይዘዋል። ጭማቂ ይዘዋል። አንዷ ሾርባ በትልቅ ድስት። አባቴን ከሣር ማጨጃው አስለቅቀው ሶፋ ላይ አስተኙት። «ደህና ነኝ እኮ!» ይላል። «የታመመ ሰው ቆሞ እንግዳ አይቀበልም!» ይሉታል። ብርድ ልብስ አለበሱት። በሚኒሶታ የነሐሴ ሙቀት! ሮቢንስዴል ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ እህት መርየም የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጥታ ለካችው። «ከኔ ይሻላል» አለች፤ ትንሽ ያዘነች መሰለኝ።

የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ሙሄ እንባቸው መጣ። «አምስት ዓመት ተቀይሜሃለሁ!» አሉት አባቴን። «ሀገር ቤት ላለችው እናቴ የገዛሁትን ጫማ ሳይቀበለኝ ሹልክ ብሎ ሄደ ብዬ! አውፍ በለኝ ወንድሜ!»

«አውፍ ብያለሁ» አለ አባቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ጫማው አሁንም አለ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

እትዬ ዘይነባ ግን የመጡት ለእናቴ ነው።

«አንቺ! ለልጄ ሰርግ ያወጣሁት በርበሬ እኮ ነው! ለአማቶቼ የደሴ ነው ብዬ ምያለሁ!»

«አልጣፈጠም?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ጣፍጧል!»

«ታዲያ?»

እትዬ ዘይነባ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ሱቁ የትኛው ነው?» አሉ።

ሳቅን። ሁላችንም። እሳቸው ግን ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮባቸው ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ ብቻህን ሆስፒታል ተኝተህ፣ እኛ እዚሁ አጠገብህ በርበሬህን ስንበላ! እንዴት ብትንቀን ነው?»

አባቴ ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ ሳበው። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ በትክክል የገባኝ። ሰውየው አምስት ዓመት ይዞ የኖረውን ነገር እኔ በሁለት ገጽ በተንኩት። ኤሴዩ ይቅርና «በልተሻል?» የምትለዋን ጥያቄ መልሼ እንደማገኝ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እንግዶቹ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቴ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ «ነይ እስቲ» አለኝ። ወደ ጓሮ ወጣን። ግማሹ ሣር አጭር፣ ግማሹ ረጅም።

«ወረቀቷ ያንቺ ናት» አለ። መጠየቁ አልነበረም።

«አዎ።»

«ያላስተረጎምሽው ምንድን ነው?»

በሚያምር እንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ እኮ። በአማርኛ ግን አፌ ተሳሰረ።

«ዶክተሩ... ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር ነው ያለው። እኔ ደግሞ በጊዜ መጥታችኋል ይላል አልኩህ።»

አባቴ የሣር ማጨጃውን እጀታ ይዞ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ኢኩ፣ እኔ ፍሪድሊ በምን ቋንቋ የምሠራ ይመስልሻል? በወሎ አማርኛ? ሰውየው ሁለቴ ነው ያለው። በእጁም አሳይቷል!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ሰዎች። ሐኪም መሆን የፈለግኩት እኮ በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ነገር ለአንድ ሰው አባት በራሱ ቋንቋ፣ ሳልንቀጠቀጥ ልናገር ብዬ። እሱ ደግሞ እኔ እንዳልፈራ እንዳልሰማ ሆኖ አምስት ዓመት ኖረ። ሁለታችንም ደህና ተዋናዮች ነን።

አለቀስኩ። አባቴ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «በልተሻል?» አለኝ።

«ልላከው?» አልኩት አፍንጫዬን እየጠራረግኩ።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ። በአማርኛ። አንድም ሳታስቀሪ። ጠዋት መንገድ ላይ፤ አሁን ሣሩን ልጨርስ።»

ዛሬ ጠዋት ለሺፍቱ ሲወጣ አብሬው መኪና ውስጥ ገባሁ። እሱ ድራይቭ ያደርጋል፣ እኔ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ አነባለሁ።

«'አባቴ አለቀሰ'...»

«አላለቀስኩም።»

«አባዬ፣ አይቼሃለሁ።»

«ዓይኔን በልቶኝ ነው። አውጪው።»

አወጣሁት።

«በርበሬውስ አለ?»

«አለ። ላውጣው?»

«ተዪው። እሱ ጥሩ ነው።» ትንሽ ነዳና ደግሞ፣ «እናትሽ ያን ሰሞን አንድ ቀን ከሥራዋ አልቀረችም። ከሆስፒታል ሥራ፣ ከሥራ ሆስፒታል። እሱን ጽፈሻል?»

አልጻፍኩም ነበር። እናቴን ለበርበሬው ብቻ ነው የተጠቀምኩባት! ጨመርኩት። የፊደል ገደብ አለው፤ ደግነቱ የአባቴ እንባ የለቀቀው ቦታ ለእናቴ ልክ በቃ።

የፋብሪካው ፓርኪንግ ደረስን። ሊወርድ ሲል፣ «አንድ ነገር» አለኝ። «ስሜን እንዳታነሺ። እኛ ጋ ዶክተሮች ዕቃ ሊያዩ ይመጣሉ። አንዱ አንብቦት ቢመጣ ደስ አይለኝም።»

«ወላሂ አላነሳም!»

ከዚህ ወዲያማ ጥንቃቄ ነው። ስሙን ኤሴዩ ውስጥ ፈለግኩ። የለም። አሳየሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ቢስሚላህ ብዬ ሰብሚት አልኩ።

ወዲያው የማረጋገጫ ኢሜይል መጣ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ። ስልኬን በኩራት ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። መልሶ አነበበ።

«'ውድ ሚስ እንድሪስ' ይላል» አለኝ። «ሚስ?»

ሰዎች! እንድሪስ አባቴ ነው! የኔ የመጨረሻ ስም ማለት የአባቴ ስም ማለት ነው! ኤሴዩ ውስጥ ስፈልገው የነበረው ስም በየገጹ ራስጌ ላይ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጎን፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሄዷል!

«አባዬ፣ እኔ...»

አባቴ ባጁን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ደርሶ ዞረና በእጁ ሰላምታ ሰጠኝ። እንደ ወታደር።

ይህን ለመጻፍ ደውዬ አስፈቅጄዋለሁ። «ከተማው በሙሉ ያውቅ የለ? ጻፊው» አለኝ። «ስሜን ብቻ...» ከማለቱ የምሳ እረፍቱ አለቀ።

አሁን ቆጠርኩት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከፕሮፋይል ፎቶዬ አጠገብ ያለውን ሳልቆጥር!

ቆይ ግን። ካለፍኩና ከተመረቅኩ፣ ነጭ ጋወኔ ላይ «ዶክተር እንድሪስ» ተብሎ ሊጠለፍ ነው።

ይህንን ለአባቴ ከእናንተ ማን ይነግርልኛል?